«ተሰረቅሁ» ያለው ኩባንያ

ሙግት የምትወዱ ወዲህ ቀረብ በሉ። የዛሬው ወሬ የድንበር ክርክር አይደለም፤ የውርስም አይደለም። በእጅ የማይዳሰስ ነገር ተሰረቀብኝ ብሎ አንድ ኩባንያ አገር ያመሰበት፣ አንዱ ዳኛ ተነሥቶ ሌላው የተቀመጠበት፣ ከሳሹ ከስሮ ንብረቱ ከተሸጠ በኋላ እንኳ መዝገቡ ያልተዘጋበት ሙግት ነው። 18 ዓመት ፈጅቷል። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ነገሩ የሆነውም በእነሱ አገር ነውና።

ቦታው አሜሪካ፣ ዩታ ነው። ከሶልት ሌክ ሲቲ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ሊንደን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስኮ ግሩፕ የተባለ፣ ጥቂት መቶ ሠራተኞች ያሉት ኩባንያ መቀመጫው እዚያ ነበር። ማርች 6 ቀን 2003 ይኸው ኩባንያ ተነሣና አይቢኤምን ከሰሰ። አይቢኤም ያን ጊዜ ከ300 ሺህ በላይ ሠራተኛ የሚያስተዳድር፣ ጠበቃ የማያልቅበት ድርጅት ነው። የተጠየቀው ካሳ 1 ቢሊዮን ዶላር ነበር። እሱም መነሻው ነው እንጂ ቆይቶ 3 ቢሊዮን፣ ከዚያም 5 ቢሊዮን ደረሰ።

ክሱ ምን ይላል? ብዙ ወረቀት ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይኸው፦ ዩኒክስ የኔ ነው፤ አይቢኤም ከዩኒክስ ወስዶ ለሊኑክስ ሰጠ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ስለዚህ ሁለቱን ስሞች ሳላስተዋውቃችሁ አልቀጥልም።

ዩኒክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ኮምፒዩተሩን ከሥር ሆኖ የሚያዝዘው ፕሮግራም። በ1969 በኒው ጀርሲ፣ ኤቲኤንድቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ቤል ላብስ በሚለው የምርምር ቤቱ ውስጥ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ጀመሩት። የባለቤትነት ሐረጉን ልቁጠርላችሁ፤ ሙግቱ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚሁ ሐረግ ላይ ነው። ኤቲኤንድቲ በ1993 ኖቬል ለሚባል የሶፍትዌር ኩባንያ ሸጠው። ኖቬል በ1995 ሳንታ ክሩዝ ኦፕሬሽን ለተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሸጠው፤ ምኑን ሸጦ ምኑን እንዳስቀረ ግን ኋላ እናየዋለን። ሳንታ ክሩዝ በ2001 የዩኒክስ ሥራውን ለካልዴራ አስተላለፈ። ካልዴራ በ2002 ስሙን ለውጦ ስኮ ግሩፕ ተባለ። «ስኮ» የሚለው አጠራር የሳንታ ክሩዝ ነበር፤ ከንግዱ ጋር ስሙንም አብሮ ወረሰ።

ይህ ካልዴራ ከመነሻው የሊኑክስ ነጋዴ ነበር። በ1994 ሲቋቋም ዓላማው ሊኑክስን አሰናድቶ ለኩባንያዎች መሸጥ ነው። ይህቺን ያዙልኝ፤ ኋላ እጠይቃችኋለሁ።

የሊኑክስ ታሪክ ሌላ ነው። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዩኒክስን የሚመስል ሲስተም በራሱ ኮምፒዩተር ላይ መጻፍ ጀመረ። የጻፈውን ኮድ አልደበቀም፤ ማንም እንዲያነበው ለቀቀው። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ሪቻርድ ስቶልማን ባወጣው ጂፒኤል በሚባል ፈቃድ ሥር አደረገው። የፈቃዱ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ውሰድ፣ አንብብ፣ ቀይር፣ ከፈለግህ ሽጠው፤ ስታከፋፍል ግን ለተቀባዩ ኮዱንም ያንኑ መብትም አብረህ ስጥ። ኦፕን ሶርስ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከየአገሩ መስመር በመስመር እየጨመሩበት አደገ። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ከሥር የሚያሠራው ሊኑክስ ነው። ያኔም ቢሆን የሰርቨሩን ገበያ እየያዘ ነበርና አይቢኤም በ2001 ብቻ 1 ቢሊዮን ዶላር ሊያፈስበት ተነሥቶ ነበር።

የሊኑክስ ገበያ ሲሰፋ የስኮ ገበያ ጠበበ። በሊኑክስ ንግድ አላተረፈም፤ የዩኒክስ ደንበኞቹም ወደ ርካሹ ሊኑክስ ይሄዱበት ጀመር። በጁን 2002 ዳርል ማክብራይድ የሚባል አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። እሱም ፊቱን ከሚሸጠው ዕቃ አንሥቶ ወደ ወረሰው መብት አዞረ። ዘጠኝ ወር ሳይቆይ ክሱ ተመሠረተ።

ዴቪድ ቦይስን ጠበቃ አድርጎ ያዘ። ቦይስ ተራ ጠበቃ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ማይክሮሶፍትን በከሰሰ ጊዜ ለመንግሥት የተሟገተው እሱ ነው፤ በ2000 ምርጫ ለአል ጎር የቆመውም እሱ። ይህም ብቻ አይደለም፤ በወጣትነቱ የአይቢኤም ጠበቆች ቤት ሠርቶ፣ ያንኑ አይቢኤም ከመንግሥት ክስ ሲከላከልለት የነበረ ሰው ነው። አሁን ከወዲያ ማዶ ቆመ።

በሜይ 2003 ስኮ ወደ 1,500 ለሚጠጉ ትልልቅ ኩባንያዎች ደብዳቤ ላከ። ሊኑክስ ውስጥ የኛ ንብረት አለና ተጠቃሚዎቹም ተጠያቂ ልትሆኑ ትችላላችሁ የሚል ነው። የራሱን ሊኑክስ መሸጥም አቆመ። ማክብራይድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መስመር ኮድ ተገኝቷል እስከ ማለት ደረሰ።

የሊኑክስ ሰዎች መልስ አንድ ብቻ ነበር፦ አሳዩን። የትኛው ፋይል፣ የትኛው መስመር? የናንተ ከሆነ አውጥተን እንጥለዋለን። ይህ ማስመሰል አይመስለኝም። የሊኑክስ ኮድ ማንም ገብቶ ሊያነበው የሚችል ነገር ነው፤ የተደበቀ ጓዳ የለውም። ከሳሽ ጣቱን ቢቀስር በዚያው ቀን ሺህ ሰው ያየዋል። ስኮ ግን አላሳየም። ማየት የሚፈልግ ሰው ምስጢር ሊጠብቅ በፊርማው መማል ነበረበት። አስቡት፤ በአደባባይ የተቀመጠ ዕቃ የኔ ነው የሚል ሰው፣ የትኛው ዕቃ እንደሆነ ለመናገር ምስጢር ጠብቁ ይላል።

ከዚያ ላስ ቬጋስ መጣ። ይህን ክፍል ስነግር ሳቄን መያዝ አልችልም።

ኦገስት 2003 ነው። ስኮ ለሻጮቹና ለአጋሮቹ ዓመታዊ ስብሰባ ጠርቷል። አዳራሹ ውስጥ ትልቅ ስክሪን ተዘርግቷል። ከተሰረቀብን ጥቂቱ ይኸውላችሁ ተባለና ኮድ ወጣ፤ በአንድ ወገን የዩኒክስ፣ በሌላ ወገን የሊኑክስ። ምስጢሩ እንዳይወጣ ደግሞ ከኮዱ የተወሰነውን በግሪክ ፊደል ጻፉት። የግሪክኛ ትርጉም እንዳይመስላችሁ፤ ያው የእንግሊዝኛ ፊደል ፎንቱ ብቻ ተቀይሮ ነው። ፎንቱን መልሶ ለማንበብ ለማንኛውም ፕሮግራመር የደቂቃዎች ሥራ ነው። የጀርመን ጋዜጠኞች ሁለት ስላይድ ፎቶ አንሥተው አወጡ። ጥቂት ቀን ሳይሞላ የሁለቱም የዘር ሐረግ ተቆጠረ፤ ብሩስ ፔረንስ የሚባለው የኦፕን ሶርስ ተሟጋች ሁሉንም ተንትኖ አስቀመጠው።

አንደኛው ስላይድ ላይ ያለው ኮድ የበርክሌይ ፓኬት ፊልተር ሆኖ ተገኘ። እሱ ካሊፎርኒያ፣ ሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ውስጥ የተወለደ ነው፤ የስኮ አይደለም። ሊኑክስ ውስጥ ያለውም ሌላ ሰው ለብቻው እንደገና የጻፈው ነው። ሌላው ስላይድ ሜሞሪ የሚያከፋፍል አጭር ኮድ ነው። ይህኛው በእርግጥ ከጥንቱ ዩኒክስ፣ ከ1970ዎቹ የመጣ ነበር። «እህ፣ ታዲያ ያዟቸው!» ትሉ ይሆናል። ቆዩ። ያንን የጥንት ዩኒክስ በጃንዋሪ 2002 ማንም እንዲጠቀምበት በነጻ ፈቃድ የለቀቀው ማነው? ካልዴራ። ካልዴራ ማነው? ያዙልኝ ያልኋችሁን አስታወሳችሁ? ራሱ ከሳሹ ነው።

ሰው እንዲህ በአደባባይ ሲዋረድ ገበያው የሚቀጣው ይመስላችኋል። አልቀጣውም። ክሱ ሲመሠረት ጥቂት ዶላር ብቻ ያወጣ የነበረው የስኮ አክሲዮን በኦክቶበር 2003 ከ20 ዶላር አለፈ። ማይክሮሶፍትና ሰን የተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ በዚያ ዓመት ከስኮ ፈቃድ ገዙ። ባይስታር የሚባል ድርጅት የመራው ቡድን 50 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰበት። ስኮም ሊኑክስ ለሚጠቀም ሁሉ የፈቃድ ዋጋ ቆረጠ፤ ለአንድ ሰርቨር ፕሮሰሰር 699 ዶላር። ምኑን ገዝተን ነው የምንከፍለው ለሚል መልስ የለም። ክፈሉና እንተዋችኋለን ነው ነገሩ።

በዲሴምበር ስኮ ሌላ ደብዳቤ ላከ። በዚህኛው ላይ እንኳን የፋይል ስም ጠቀሰ፤ ጥቂት አጫጭር የርእስ ፋይሎች፣ የስሕተት ቁጥርና የመሳሰለው የተዘረዘረባቸው። ቶርቫልድስ ስሞቹን አየና ከመካከላቸው አንዳንዶቹን በወጣትነቱ በገዛ እጁ የጻፋቸው መሆናቸውን አስታወሰ። ማስረጃው ምን ነበር መሰላችሁ? ስሕተቱ። የመጀመሪያው ቅጂ ውስጥ ልምድ ያለው ሰው የማይሠራቸው ግድፈቶች ነበሩ፤ ከዩኒክስ የቀዳ ሰው ደግሞ ያንን ግድፈት ከየትም አያመጣውም። እኔ ከሙግቱ ሁሉ ይህን ነጥብ አብልጬ እወደዋለሁ። የጀማሪ ድክመት ምስክር ሆኖ ቆመ።

በዚህ መሐል አይቢኤም መልሶ ከሰሰ። ስኮ ራሱ ሊኑክስን በጂፒኤል ፈቃድ ሲያከፋፍል ኖሯል፤ ከከሰሰ በኋላ እንኳ ኮዱ ከራሱ ሰርቨር ይወርድ ነበር። በፈቃዱ መሠረት የሰጠውን መልሶ ገንዘብ ሊጠይቅበት አይችልም ነው ክርክሩ። ስኮ ለዚህ ምን መለሰ? ጂፒኤል የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ይቃረናል አለ። በጃንዋሪ 2004 ደግሞ ኦፕን ሶርስ ለአገር ደኅንነት ያሰጋል ብሎ ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ ጻፈ። ለዓመታት በዚያው ፈቃድ ሥር ሲነግድ የኖረ ኩባንያ ነው ይህን የሚለው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ኮድ በሕግ ፊት እንደ መጽሐፍና እንደ ዜማ የሚቆጠር ድርሰት ነው። በእኛም አገር በዚያው ሰሞን የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ስለዚህ ኮዴ ተቀዳ የሚል ሰው ክሱ ቀልድ አይደለም፤ እውነት ከሆነ ከባድ ነው። ጂፒኤልም ራሱ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚሁ ከቅጂ መብት ሕግ ነው። ኦፕን ሶርስ ሕግ የለሽ ነጻነት የሚመስላቸው ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

በማርች 2004 ስኮ ሊኑክስ ተጠቃሚዎችንና የዱሮ ደንበኞቹን መክሰስ ጀመረ። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠውን አውቶዞንን ከሰሰ፤ መኪና ሠሪውን ዳይምለርክራይስለርንም ከሰሰ። ዳይምለርክራይስለር የተከሰሰው ዩኒክስን እንደ ውሉ እየተጠቀምህበት መሆኑን አረጋግጥልኝ ሲባል በጊዜው አልመለስክም ተብሎ ነው። ኩባንያው ሲመልስ፣ ያን ሶፍትዌር ከተውነው ከሰባት ዓመት በላይ ሆኖናል አለ። የሚረጋገጥ ነገር አልነበረም። ዳኛው የክሱን አብዛኛውን ክፍል በጁላይ ጣሉት።

ወደ ዩታ እንመለስ። የአይቢኤሙ ክስ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄዶ ዳኛ ዴል ኪምቦል ችሎት ላይ ተቀምጧል። ማስረጃ መለዋወጡን የሚመሩት ረዳት ዳኛ ብሩክ ዌልስ ናቸው። ዌልስ ገና በዲሴምበር 2003 ስኮን አዘዙ፦ ተወሰደብኝ የምትለውን ለይተህ አምጣ። ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ። በፌብሩዋሪ 2005 ኪምቦል በጻፉት ትእዛዝ፣ ስኮ በአደባባይ ከሚናገረው አንጻር ይህ ነው የሚባል ማስረጃ አለማቅረቡ የሚያስገርም ነው አሉ። ቢሆንም ያን ዕለት ክሱን አልዘጉም፤ ማስረጃ የማሰባሰቡ ጊዜ ይለቅ ብለው አቆዩት። ለከሳሽ ይህን ያህል ዕድል የሚሰጥ ችሎት ነበር።

በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ አንድ ኢሜይል ከታሸገው መዝገብ ወጣ። የተጻፈው በኦገስት 2002፣ ክሱ ከመመሥረቱ በፊት ነው። የኩባንያው የውስጥ ባለሙያ ለአለቃው የጻፈው ነው። ከውጭ የተቀጠረ አማካሪ ሊኑክስንና ዩኒክስን ለወራት አስተያይቶ፣ የቅጂ መብት ጥሰት የሚባል ነገር ፈጽሞ እንዳላገኘ ይናገራል። ስኮ በበኩሉ ያው አማካሪ በ1999 የጻፈው ሌላ ማስታወሻ ተመሳሳይ ኮድ መኖሩን ይገልጻል ብሎ ተከራከረ። ያም ሆነ ይህ፣ ኩባንያው ሲከስ ይህን ኢሜይል በመሳቢያው ይዞ ነው።

ታዲያ ስኮ በችሎት ምን ይዞ ይከራከር ነበር? እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ፤ ብልጠቱ እዚህ ነው። በአደባባይ «ኮዳችን ተሰረቀ» ይላል። በችሎት ግን ክርክሩ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ዞረ። አይቢኤም በ1985 ከኤቲኤንድቲ የዩኒክስ ፈቃድ ገዝቶ ኤአይኤክስ የሚባል የራሱን ሲስተም ሠርቷል። ለዚያ ሲስተም ደግሞ ባለሙያዎቹ አዳዲስ ነገር ጽፈዋል። ከዚያ የራሳቸውን ጽሑፍ ለሊኑክስ ሰጡ። ስኮ የሚለው፣ አንድ ጊዜ ከዩኒክስ አጠገብ የተቀመጠ ኮድ ሁሉ፣ ማንም ይጻፈው፣ እኔ ሳልፈቅድ አይወጣም ነው። አይቢኤም ግን ከ1985 ጀምሮ አጥፎ ያስቀመጠው ከኤቲኤንድቲ የተጻፈ ተጨማሪ ደብዳቤ ነበረው፤ አንተ የጻፍኸው ያንተው ነው የሚል። ወረቀት የማይጥል ድርጅት እንዲህ በ20 ዓመቱ ይጠቀማል።

በጁን 2006 ዌልስ ከስኮ 294 የተሰረቀብኝ ዝርዝሮች ውስጥ ብዙዎቹን፣ ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆኑትን፣ በቂ መግለጫ የላቸውም ብለው ከክሱ አስወጡ። በትእዛዛቸው ላይ ያሉት ነገር ከአገር አገር ተወርቷል። አንድ ሰው ከትልቅ መደብር ሲወጣ ዕቃ ሰርቀሃል ተብሎ ቢያዝ፣ ምን እንደሰረቀ ሊነገረው ይገባል፤ «የሰረቅኸውን አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔ አልነግርህም» ቢባል ወይም የመደብሩን ዕቃ ሙሉ ዝርዝር ሰጥተው «እዚህ ውስጥ ነው፣ ፈልገው» ቢሉት ነገሩ የማይመስል ነው አሉ።

በድሮው ዘመን ዕቃ የጠፋበት ሰው ሌባ ሻይ ያስመጣ ነበር። ለዚሁ የተመረጠ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ሮጦ ሮጦ፣ እውነት ይሁን ሐሰት፣ አንድ ደጃፍ ላይ ይወድቃል። የስኮ ሌባ ሻይ ከአንድ ሚሊዮን መስመር ተነሥቶ አራት ዓመት ሮጠ። በማርች 2007 የአይቢኤም ጠበቃ በችሎት ቆሞ ሲቆጥር፣ ሊኑክስ ውስጥ የቀረው አከራካሪ 326 መስመር ነው አለ። እሱም አብዛኛው እነዚያው የርእስ ፋይሎች ናቸው።

አሁን ወደ ኖቬል ልውሰዳችሁ። ስኮ ከአይቢኤም ጋር ሲጯጯኽ የሙግቱ አንገት የታነቀው በዚህ በኩል ነው።

ስኮ በከሰሰ በሦስተኛው ወር፣ ሜይ 28 ቀን 2003፣ ኖቬል ከዝምታው ወጥቶ መግለጫ ሰጠ። የዩኒክስ ቅጂ መብት እኮ የኔ ነው፣ ለማንም አልሸጥሁም አለ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። ስኮ መልሶ በጃንዋሪ 2004 የባለቤትነት ስሜን አጎደፈ ብሎ ኖቬልን ከሰሰ።

የ1995ቱ ውል ወጣ። አባሪው ላይ ከሽያጩ ውጪ የሚቀሩ ንብረቶች ዝርዝር አለ። በዝርዝሩ ውስጥ አንድ አረፍተ ነገር ተቀምጧል፦ ከዩኒክስና ዩኒክስዌር የንግድ ምልክቶች በቀር፣ ቅጂ መብቶችና የንግድ ምልክቶች ሁሉ አልተሸጡም። ሁሉ። ኩባንያውን ሸጡ፣ ሥራውን ሸጡ፣ ስሙን ሸጡ፤ ድርሰቱ ግን ቀረ። እንዴት እንዲህ ያለ ውል ይፈረማል? ሳንታ ክሩዝ ሙሉውን ዋጋ የሚከፍልበት ገንዘብ አልነበረውም። በአክሲዮን ከፈለ፤ ከነባሮቹ የዩኒክስ ፈቃዶች የሚመጣውን ገቢም እየሰበሰበ 95 በመቶውን ለኖቬል ሊያስረክብ ተስማማ። ውሉን ያረቀቀው የኖቬል ጠበቃ ኋላ ሲመሰክር፣ ገዢው ነገ ቢከስር መብቱ እንዳይበላ ሆን ብለን ነው ያስቀረነው አለ።

ስኮም ባዶ እጁን አልነበረም። በኦክቶበር 1996 የተፈረመ ሁለተኛ ማሻሻያ አመጣ። ማሻሻያው ያንን አረፍተ ነገር ሰርዞ፣ ሳንታ ክሩዝ በመብቱ ለመሥራት ከሚያስፈልጉት ቅጂ መብቶች በቀር በሚል ይተካዋል። እንግዲህ ለመሥራት የሚያስፈልገው ምንድነው? ዩኒክስን ለመሸጥ ፈቃድ ይበቃል ወይስ ባለቤትነት ያሻል? የአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብት ባለቤትነት በተፈረመ ጽሑፍ ካልሆነ አይተላለፍም ይላል። ይህ ደግሞ የተፈረመ ጽሑፍ ነው፤ የሚናገረው ግን ጥርት ብሎ አይደለም። የቢሊዮን ዶላሩ ሙግት በዚህች በተድበሰበሰች ሐረግ ላይ ተንጠለጠለ።

ኦገስት 10 ቀን 2007 ኪምቦል ፈረዱ። የዩኒክስ ቅጂ መብት የኖቬል ነው። ኖቬል ስኮን በአይቢኤም ላይ ያነሣኸውን ተው ብሎ የማዘዝ መብትም አለው። ስኮ ለሰንና ለማይክሮሶፍት ከሸጠው ፈቃድ ለኖቬል የሚገባው ገንዘብ መኖሩንም አመለከቱ። ስንት ነው የሚለው ሰኞ ሴፕቴምበር 17 ሊሰማ ተቀጠረ። አርብ ሴፕቴምበር 14 ስኮ ደላዌር ሄዶ ከስሬያለሁና ከአበዳሪዎቼ ጠብቁኝ ብሎ አመለከተ። ሰኞ የሚሰማ ጉዳይ አልነበረም፤ ታገደ። ኋላ፣ በ2008፣ ከሰን ገንዘብ ብቻ ወደ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ለኖቬል እንዲከፍል ተወሰነበት።

አለቀ ስትሉ ይግባኙ መጣ። በኦገስት 2009 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ዳኞች፣ የውሉ ሐረግ አሻሚ ስለሆነ ኪምቦል ያለ ምስክር ብቻቸውን መፍረድ አይገባቸውም ነበር አሉና የቅጂ መብቱ ጥያቄ ለጁሪ እንዲቀርብ መለሱት። ማክብራይድ በዚያው መኸር ከኃላፊነቱ ተነሣ። በማርች 2010 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ፣ በዳኛ ቴድ ስቱዋርት ፊት፣ ምስክሮች ከተጦሩበት እየተጠሩ መጡ። የሚገርመው ሽያጩ ሲፈጸም የኖቬል ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ሮበርት ፍራንከንበርግ ለስኮ መሰከሩ፤ ሐሳቤ ሁሉንም መሸጥ ነበር አሉ። የራሱ የዱሮ አለቃ የመሰከረበት ኖቬል ግን አረፍተ ነገሩን ይዞ ቆመ። ማርች 30 ጁሪው ተመለሰ፦ ቅጂ መብቱ አልተላለፈም። በኦገስት 2011 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው።

ስለዚህ ስኮ ዓለምን ያስጨነቀበት የቅጂ መብት መጀመሪያውንም የሱ አልነበረም።

የአይቢኤሙ መዝገብ ግን፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ አልተዘጋም። ከቅጂ መብት ውጪ የሆኑ ሽርፍራፊ ጥያቄዎች ቀርተው ነበርና በ2013 እንደገና ተከፈተ። በ2016 ዳኛ ዴቪድ ነፈር ወድቋል አሉ፤ በ2017 ይግባኝ ሰሚው አንዱን ቁራጭ መልሶ አስነሣው። የስኮ የኪሳራ አጣሪዎች እስከ ኦገስት 2021 ድረስ ይዘውት ዘልቀው በ14.25 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። ከተጠየቀው 5 ቢሊዮን ሲሰላ ሦስት ሳንቲም በአሥር ዶላር እንኳ አይሞላም። ለጠበቆቹ ክፍያ ግን ገና በ2004 ስኮ ጣሪያ ሲያበጅ 31 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ነበር።

ሊኑክስ በኩል የቀረው አሻራ የሥራ ልማድ ነው። በሜይ 2004፣ ክሱ በተጋጋለበት ሰዓት፣ ቶርቫልድስ አዲስ ሥርዓት አቀረበ። ሊኑክስ ላይ አንዲት መስመር የሚያስገባ ሰው ስሙን አስፍሮ፣ ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ ወይም ለመስጠት መብት አለኝ ብሎ ይፈርማል፤ ተቀብሎ የሚያሳልፈውም ይፈርማል። እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ሌሎች ብዙ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችም ወስደውታል። አሁን ይህ መስመር ከየት መጣ የሚል ሰው ቢመጣ፣ የሚጠራ ስም አለ።

የስኮን የሶፍትዌር ንግድ ደግሞ በ2011 ከኪሳራ ሽያጭ የገዛው ኩባንያ ዛሬ ዚኑኦስ ይባላል። እሱም በማርች 2021፣ የፊተኛው ዕርቅ ገና ሳይፈረም፣ ኮዴን ወሰዱ፣ ገበያውንም ተካፈሉት ብሎ አይቢኤምን ከሰሰ። አብሮም አይቢኤም በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር የገዛውን የሊኑክሱን ሬድ ሃትን ከሰሰ። መዝገቡ በቨርጂን ደሴቶች ተከፍቶ ኋላ ወደ ኒው ዮርክ ተዛወረ። የዚያን ሙግት ወሬ ሌላ ሰው ያውራላችሁ፤ የኔው እዚህ ላይ አለቀ።